ጥቁሩን ድንጋይ ከከዋክብት መሀል መለየት፦ ባምበርጋ የተባለውን አስትሮይድ በራስ ዓይን ለማየት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ባምበርጋ የሚባለው አስትሮይድ ጥቀርሻ የመሰለ ድንጋይ ነው። ስፋቱ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ በቀጥታ መስመር ቢለካ ካለው ርቀት ብዙም አያንስም። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ ሆኖ በ4.4 ዓመት አንዴ ፀሐይን ይዞራል። ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቀው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረውን ይውጠዋል። የጥቁረቱ ምክንያት ካርቦን የበዛበት መሆኑ ነው።

ይህን ድንጋይ ከራሳችሁ ግቢ ወይም ከከተማ ወጣ ካለ ሜዳ ላይ በራሳችሁ ዓይን ማየት ትችላላችሁ። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የቀረው እርምጃ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነውና። ባምበርጋ በባይኖኩላርም ሆነ በቴሌስኮፕ ሲታይ ነጥብ ነው። ክብ ገጽ አይታይበትም፣ ጭራ የለውም፣ ጥቁርም አይመስልም። «አስትሮይድ» የሚለው ቃል ራሱ በግሪክኛ «ኮከብ መሰል» ማለት ነው። በዙሪያው ካሉት ከዋክብት የሚለይበት ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ከቦታው ይንቀሳቀሳል፣ እነሱ አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ አስትሮይድን «አየሁት» ለማለት አንድ ሌሊት አይበቃም። ቢያንስ ሁለት ሌሊት፣ እርሳስና ወረቀት ያስፈልጋል። በኔ ልምድ ከቴሌስኮፑ ይልቅ ሥራውን የሚሠራው ወረቀቱ ነው።

1. የምትፈልጉትን እወቁት

ባምበርጋን ያገኘው ዮሐን ፓሊሳ ነው፤ ቦታው ቪየና፣ ቀኑ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1892። ፓሊሳ በዕድሜው 122 አስትሮይዶችን ያገኘ ሰው ነው፤ ሁሉንም ያገኘው በዓይኑ፣ የሰማይ ካርታ ከሰማዩ ጋር እያመሳከረ ነው። የአስትሮይዱን ተራ ቁጥር ተመልከቱ፦ 324። ከሱ በፊት ያለው ቁጥር 323 ብሩሲያ ይባላል። እሱን ከሁለት ወር በፊት ጀርመናዊው ማክስ ቮልፍ በፎቶግራፍ አግኝቶታል፤ በካሜራ የተገኘ የመጀመሪያው አስትሮይድ ነው። የካሜራ ዘመን ገባ ሲባል ቀጣዩን ቁጥር የወሰደው ግን የፓሊሳ ዓይን ነበር። እኛም ከዚህ በታች የምንከተለው የፓሊሳን መንገድ ነው።

ወደ ባምበርጋ የሄደ መንኮራኩር የለም። የሱ ዓይነት ድንጋይ በቅርብ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ማቲልዴ የተባለችውን አስትሮይድ ፎቶዎች ይመልከት። ማቲልዴንም ያገኛት ፓሊሳ ነው፣ በ1885። ኒር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1997 በ1,212 ኪሎ ሜትር ርቀት አጠገቧ አለፈች። ማቲልዴ ስፋቷ 53 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ጉድጓድ ገላዋ ላይ አለ። እንዲያ ያለ ምት ደርሶባት እንዴት ሳትፈራርስ ቀረች የሚለው ጥያቄ ብዙ ያነጋገረ ነው። ጥግግቷ ከውሃ ትንሽ ብቻ የሚበልጥ፣ ውስጧ በክፍተት የተሞላ ስለሆነ ምቱን እንደ አሸዋ ክምር ውጣዋለች ተብሎ ይታመናል። ጥቁረቷን ለማስታወስ ጉድጓዶቿ የተሰየሙት በምድር ላይ ባሉ የድንጋይ ከሰል ቦታዎች ስም ነው፤ ትልቁ በደቡብ አፍሪካው ካሩ ተጠርቷል።

እነዚህ ጥቁር ድንጋዮች ለምን ያጓጓሉ? ፀሐይና ፕላኔቶች ሲሠሩ ከነበረው ጥሬ ዕቃ ብዙ ሳይለወጥ የተረፈው እነሱ ዘንድ ስለሆነ ነው። ቤኑ ከተባለ ካርቦን የበዛበት ትንሽ አስትሮይድ ላይ ታፍሶ በሴፕቴምበር 2023 ወደ ምድር የመጣው 121.6 ግራም አፈር ሲመረመር ውሃ ያዘለ የሸክላ ማዕድን፣ ጨውና አሚኖ አሲዶች ተገኝተውበታል። ቤኑ ለመሬት ቅርብ ነው፣ ባምበርጋ ሩቅ፤ ጥቁረታቸው ግን የአንድ ወገን ነው።

2. ጊዜውን ምረጡ

አስትሮይድ በደንብ የሚታየው መሬት በፀሐይና በሱ መካከል ስትገባ ነው። በባለሙያ አነጋገር ኦፖዚሽን ይባላል። በዚያን ሰሞን አስትሮይዱ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወጣል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ ይላል፣ ሲነጋ ይጠልቃል፤ ለኛም በጣም የሚቀርበው ያኔ ነው። ባምበርጋ ይህ የሚገጥመው በአማካይ በ15 ወር ተኩል አንዴ ነው።

ግን ሁሉም ኦፖዚሽን እኩል አይደለም። የባምበርጋ ምህዋር በጣም የተለጠጠ ሞላላ ነው። ለፀሐይ ሲቀርብ የመሬትና የፀሐይን ርቀት 1.8 እጥፍ ያህል ላይ ነው፤ ሲርቅ 3.6 እጥፍ ይደርሳል። በቅርቡ ጫፍ ላይ ሆኖ ኦፖዚሽን ከገጠመው ብርሃኑ ማግኒቲዩድ 8 ይደርሳል። በሩቁ ጫፍ ከሆነ ደግሞ ወደ 12 ይወርዳል። ማግኒቲዩድ ለማያውቅ፦ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት 2.5 እጥፍ ግድም ነው። ያለ መሣሪያ፣ በጣም በጨለማ ሰማይ፣ ዓይናችን 6 አካባቢ ያቆማል። ስለዚህ ከ8 እስከ 12 ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የ40 እጥፍ ያህል ነው።

የዘንድሮው ስንት እንደሆነ ለማወቅ ጄፒኤል ሆራይዘንስ የተባለውን የናሳ ነጻ አገልግሎት ክፈቱ፣ 324 የሚለውን ቁጥር አስገቡ፣ የወሩን ሠንጠረዥ አውጡ። ከሚወጣው ቁጥር ሁሉ የምትፈልጉት ቀኑን፣ የሰማይ አቅጣጫውን (ራይት አሴንሽንና ዴክሊኔሽን) እና ማግኒቲዩዱን ነው። ማግኒቲዩዱ ከ10 በላይ ሆኖ ባይኖኩላር ብቻ ካላችሁ ባምበርጋን ለሌላ ዓመት አቆዩትና ሴሬስን ፈልጉ።

በእርግጥ እኔ ጀማሪን ሁሉ የምመክረው መጀመሪያ በሴሬስ እንዲለማመድ ነው። ሴሬስ 940 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ዛሬ ድንክ ፕላኔት የሚባል፣ በቀበቶው ውስጥ ትልቁ አካል ነው። እሱም ካርቦን ያለበት ጥቁር ገጽ አለው፤ የሚያንጸባርቀው 9 በመቶ ያህል ነው። ግዝፈቱ ጥቁረቱን ስለሚያካክስ በጥሩ ዓመት 7 አካባቢ ይደርሳል፤ ተራ ባይኖኩላር ያየዋል። ዘዴው አንድ ነው። በሴሬስ ላይ የሠራ እጅ ባምበርጋ ላይ አይቸገርም።

3. ሰዓቱን አስተካክሉ

ይህን ለብቻው የጻፍኩት ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ነው። ሆራይዘንስም ሆነ ሌሎቹ ሠንጠረዦች የሚያወጡት ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ይቀድማል፤ እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከ12 ተነስተን ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ሰው ይምታታል።

አቋራጩ ይኸውና፦ ለምሽትና ለሌሊት ሰዓት ከዓለም አቀፉ ላይ 15 ቀንሱ። 18፡00 ካለ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። 21፡00 ካለ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። 23፡00 ካለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። 00፡00፣ 01፡00፣ 02፡00 ሲል ግን 9 ደምሩ፤ ከሌሊቱ 9፣ 10፣ 11 ሰዓት ይሆናሉ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ሠንጠረዡ ኦክቶበር 18፣ 22፡00 ሲል በስልካችሁ ላይ ኦክቶበር 19 ገብቷል፤ እኛ ደግሞ ገና ሌሊቱ ስላልነጋ ያው ቀን ነው የምንለው። ደብተራችሁ ላይ «ለጥቅምት 9 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉና ከጎኑ ዓለም አቀፉን ቀንና ሰዓት አስፍሩ። «አጥቢያ» የምትለው ቃላችን ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ነው የምትመስለው፤ የየትኛው ሌሊት መሆኑን ያለ ጥርጥር ትናገራለች።

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የምትኖሩ ደግሞ የክረምትና የበጋ ሰዓት ለውጡን አትርሱ፤ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ የሚሆን ኦፖዚሽን ሰዓቱ ከሚቀየርበት ሳምንት ጋር ሊገጥም ይችላል።

ኦፖዚሽን ሰሞን አስትሮይዱ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ከዚያ አንድ ወር በኋላ ከሆነ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። ለእንቅልፍ የሚሳሳ ሰው ወር ቢዘገይ ይቀለዋል።

4. መሣሪያ

ለሴሬስ ወይም ለብሩሁ ባምበርጋ 10 በ50 ባይኖኩላር ይበቃል። 7 በ50ም ይሆናል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት በሚሊ ሜትር ስፋቱን ይናገራል፤ ለሌሊት ሥራ ሁለተኛውን ቁጥር ነው የምትፈልጉት። ከጨለማ ቦታ እስከ ማግኒቲዩድ 9 ተኩል ድረስ ያሳያል፤ ከተማ መሀል ግን 8ንም ማየት ያቅታል። ለሌሎቹ ዓመታት ባምበርጋ 15 ሴንቲ ሜትር መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ በቂ ነው።

ባይኖኩላሩን በእጅ ይዛችሁ ደካማ ነጥብ ለማየት አትሞክሩ። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ነጥቡም ወደ መስመር ይለወጣል። በካሜራ መቆሚያ ላይ እሰሩት። መቆሚያ ከሌለ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፋችሁ በጀርባችሁ ተኙና ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ አስደግፉ። ለኢትዮጵያ ሁለተኛው የተሻለ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ አስትሮይዶች የሚሄዱበት የሰማይ መንገድ አናታችን ላይ ያልፋል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ የሰሜን አውሮፓ ሰው ከአድማሱ ጭስ በላይ ብዙም የማያየውን እኛ በጠራው የሰማይ መካከል እናየዋለን። አንገት ግን ይቀጣል፤ ተኝቶ ማየት ይሻላል።

የቀረው ዕቃ ከቤት የሚገኝ ነው፦ ለስላሳ እርሳስ፣ ጠንካራ ካርቶን ላይ የተያዘ ወረቀት፣ ቀይ ብርሃን። ለቀዩ ብርሃን የስልክ ባትሪ ላይ ቀይ ሴሎፎን በሁለት በሦስት ድርብ ጠቅልላችሁ በላስቲክ እሰሩ። ጋቢ አትርሱ። ጥቅምት ላይ ደብረ ብርሃን አካባቢ ሌሊት የወጣ ሰው ለምን እንደምል ያውቃል።

5. ካርታውን ቀን ላይ አዘጋጁ

ስቴላሪየም የተባለው ነጻ ፕሮግራም ጥሩ ነው። አስትሮይዱን በስሙ ፈልጋችሁ ካልወጣ የፕሮግራሙ ተጨማሪዎች ውስጥ የሥርዓተ ፀሐይ ማስተካከያው አለ፤ እሱን አብሩና የአስትሮይዱን የምህዋር ቁጥሮች የአስትሮይዶችን መዝገብ ከሚይዘው ማይነር ፕላኔት ሴንተር በኢንተርኔት ያስገባላችኋል። የቆየ የምህዋር ቁጥር ስህተት ስለሚያመጣ በየዓመቱ አድሱት።

ሁለት ካርታ አውጡ። አንዱ ሰፊ ይሁን፤ በዓይን የሚታዩ ከዋክብትንና አስትሮይዱ ያለበትን ሰፈር የሚያሳይ። ሁለተኛው ጠባብ ይሁን፤ በባይኖኩላሩ ወይም በቴሌስኮፑ የሚታየውን ክብ ያህል ብቻ። በጠባቡ ላይ ከአስትሮይዱ በአንድ ማግኒቲዩድ የሚደክሙ ከዋክብት ድረስ እንዲወጡ አድርጉ። ባምበርጋ 9 ከሆነ ካርታው እስከ 10 ይውረድ። ከዚያ ካነሰ የሌለ ኮከብ ያያችሁ ይመስላችኋል፤ ከበዛ ደግሞ ወረቀቱ በነጥብ ይጥለቀለቅና ዓይን ይጠፋበታል።

ቴሌስኮፕ ለምትጠቀሙ፦ ምስሉ ይገለበጣል። በመስታወት የሚሠራው የኒውተን ዓይነት ላዩን ታች፣ ግራውን ቀኝ ያደርገዋል፤ ወረቀቱን ማዞር ይበቃል። ባለ ሌንሱ ቴሌስኮፕ መጨረሻው ላይ የሚያጥፍ መስታወት ካለው ግን ምስሉ እንደ መስታወት ግልባጭ ነው፤ ወረቀት በማዞር አይስተካከልም። ካርታውን ከማተማችሁ በፊት ፕሮግራሙ ላይ ግራና ቀኙን አገላብጡት።

6. ሰማዩ ስር

ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ምረጡ። ቦታው ላይ ስትደርሱ ለ20 እስከ 30 ደቂቃ ነጭ ብርሃን አትዩ። አንድ ጊዜ የስልክ ስክሪን በሙሉ ብርሃኑ ካያችሁ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አብሯችሁ ለሚወጣ ሰውም ቀድማችሁ ንገሩ።

ከሰፊው ካርታ ላይ በዓይን የሚታይ ብሩህ ኮከብ ምረጡና ባይኖኩላሩን እሱ ላይ አሳርፉ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው፣ መሰላል እንደሚወጣ ሰው እየረገጣችሁ ሂዱ። አትቸኩሉ፤ እያንዳንዱን ደረጃ በካርታው አረጋግጣችሁ ነው የምታልፉት። ሦስት ከዋክብት የሚሠሩት ትሪያንግል፣ ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ ጥንዶች፣ ጠመዝማዛ መስመር፤ እንዲህ ያለ ቅርጽ ከብርሃን ይልቅ ይታመናል። መንገዱ ከጠፋችሁ ወደ መጀመሪያው ኮከብ ተመለሱ፤ ከመሀል ለማስተካከል መሞከር የባሰ ያጠፋል።

ደካማ ነጥብ ስትፈልጉ በቀጥታ አፍጣችሁ አትዩት። ትንሽ ወደ ጎን እዩ፣ ሐሳባችሁ ግን ነጥቡ ላይ ይሁን። የዓይናችን መሀል ቀለም ለመለየት እንጂ ለጨለማ የተሠራ አይደለም፤ ደካማ ብርሃን የሚሰማው ጎኑ ነው። መጀመሪያ ላይ ነጥቡ ብቅ ጥልቅ ይላል። ሦስት አራት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቅ ካለ እዚያ አለ ማለት ነው።

7. ሥዕሉ

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው።

ቀን ላይ የቡና ሲኒ አፍ ወረቀት ላይ ደፍታችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ። አምስት ስድስት ክብ አዘጋጁ። ክቡ በመሣሪያችሁ የምታዩት የሰማይ ክብ ነው።

መጀመሪያ አራት ወይም አምስት ብሩህ ከዋክብትን ቦታቸውን አስይዙ። ብሩሁን ወፍራም ነጥብ፣ ደካማውን ቀጭን አድርጉ። ከዚያ በነሱ መካከል ያሉትን፣ «ከዚህና ከዚያ መሀል፣ ትንሽ ወደ ታች» እያላችሁ በትሪያንግል እየለካችሁ ጨምሩ። መጨረሻ ላይ ደካሞቹን። አንድ ሥዕል 15 ደቂቃ ይፈጃል። ከቴሌስኮፕ የምታዩ ከሆነ ሳትነኩት ተዉት፤ ከዋክብቱ እየተንሸራተቱ የሚወጡበት ጎን ምዕራብ ነው። በቀስት ምልክት አድርጉበት። ሰዓቱን፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ መሣሪያውን ከሥሩ ጻፉ።

አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ፦ ከመሳላችሁ በፊት አስትሮይዱ በካርታው ላይ የት እንደተቀመጠ አትዩ። ሰፈሩን እወቁ፣ ነጥቡን ግን ሸፍኑት። ያወቀ ዓይን የሚጠብቀውን ያያል፤ ባዶ ቦታ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ያየነውን ሁሉ ስለን ከጨረስን በኋላ ነው ካርታው የሚገለጠው።

የራሴን ልንገራችሁ። ሴሬስ ኦክቶበር 2 ቀን 2025፣ ማለትም መስከረም 22 ቀን 2018፣ ኦፖዚሽን ላይ ነበር፤ ሰፈሩ ሴተስ የተባለው ኅብረ ኮከብ። በዚያን ሰሞን ጨረቃ እየሞላች ስለነበር ጠበቅሁ። ጥቅምት 8 ምሽት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለው የአክስቴ ግቢ ሰሌን አንጥፌ፣ ዲፍዳ ከተባለው ብሩህ ኮከብ ተነስቼ ሰፈሩን አገኘሁና 14 ነጥብ ሳልሁ። ከነሱ ውስጥ አንዱ ካርታዬ ላይ አልነበረም። ልቤ መታ፤ ግን አላመንኩትም። በማግስቱ ደመና ሆነ። ጥቅምት 10 ምሽት ያንኑ ወረቀት ይዤ ወጣሁ። 13ቱ ነጥቦች ባሉበት አሉ። አሥራ አራተኛው በነበረበት ቦታ ምንም የለም፤ ጥቁር ሰማይ ብቻ። ትንሽ ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ቀድሞ ያልነበረ አንድ ነጥብ ቆሟል። ባይኖኩላሩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ለጥቂት ጊዜ ተኛሁ።

ከዓመት በፊት ግን እንዲሁ ደክሜ ከሽፎብኝ ነበር። ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ አቅጣጫና ሰዓት አልጻፍኩበትም። በሁለተኛው ሌሊት ወረቀቱን በየትኛው ጎን እንደምይዘው እንኳን ማወቅ አቃተኝ። ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈው አንድ መስመር ሥዕሉን ያህል እንደሚመዝን የተማርኩት ያኔ ነው።

8. ሁለተኛው ሌሊት

ወደ ያው ሰፈር በዚያው መሣሪያ ተመለሱ። አዲስ ሥዕል ከመጀመር ይልቅ የመጀመሪያውን ይዛችሁ ነጥብ በነጥብ አመሳክሩ። ሴሬስ በኦፖዚሽን ሰሞን በቀን 13 ያህል ደቂቃ ቅስት፣ ማለትም ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ግማሽ ትንሽ ያነሰ ይሄዳል። በባይኖኩላር በአንድ ቀን ልዩነት ይታያል፤ በሁለት ቀን ግን አያጠራጥርም። የሚሄደው ወደ ምዕራብ ነው። እውነተኛ ጉዞው ወደ ምሥራቅ ሆኖ ሳለ መሬት በፍጥነት ስለምትቀድመው ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል፤ ከመኪና መስኮት የምናየው ቀርፋፋ ጋሪ ወደ ኋላ እንደሚቀር። ከኦፖዚሽን ሁለት ወር ገደማ በፊትና ሁለት ወር ገደማ በኋላ ግን ለጥቂት ቀናት የቆመ ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ይህ ዘዴ አይሠራም፣ ሳምንት ጠብቁ።

የተንቀሳቀሰ ነጥብ ሁሉ የፈለጋችሁት አይደለም። በደቂቃዎች ውስጥ የሄደ ከሆነ ሳተላይት ነው። ብርሃኑ ተለወጠ እንጂ ቦታው ካልተለወጠ ተለዋዋጭ ኮከብ ነው። ሌላ አስትሮይድም በአጠገቡ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህንን የሚለየው የሆራይዘንስ ቁጥር ነው፤ አሁን ካርታውን ገልጣችሁ አመሳክሩ።

ይህ ዘዴ የመጀመሪያውን አስትሮይድ ያስገኘ ነው። ጣሊያናዊው የሰማይ ተመራማሪ ጁሴፔ ፒያዚ ፓሌርሞ ላይ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 የከዋክብት ዝርዝር ሲያዘጋጅ አንድ ነጥብ መዘገበ፤ በማግስቱ ሊያረጋግጥ ቢመለስ ቦታዋን ለቃለች። ሴሬስ ነበረች። እስከ ፌብሩዋሪ 11 ተከታተላትና ታመመ፣ እሷም ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ገብታ ጠፋች። የ24 ዓመቱ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ከነዚያ ጥቂት ሳምንታት ልኬት ተነስቶ ምህዋሯን አሰላ፤ ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዲሴምበር 31፣ እሱ ባመለከተው አካባቢ ተገኘች።

9. ብርሃኑን ገምቱ

ነጥቡን ካገኛችሁ በኋላ አንድ ቁጥር አውጡለት። ከአስትሮይዱ ትንሽ የሚደምቅና ትንሽ የሚደክም ሁለት ከዋክብት በአቅራቢያው ፈልጉ፤ ማግኒቲዩዳቸውን ከስቴላሪየም አንብቡ። አንዱ 8.9፣ ሌላው 9.6 ቢሆኑና አስትሮይዱ ከብሩሁ ወደ ደካማው በሚወስደው መንገድ አሥር እርምጃ ቢኖር አራተኛው ላይ ያለ ቢመስላችሁ፣ 9.2 ግድም ነው። ሦስት ጊዜ ገምታችሁ አማካዩን ያዙ።

10. ካሜራ ያለው

ከዋክብትን የሚከተል መሪ ሞተር የሌለው ተራ ካሜራ፣ በመቆሚያ ላይ፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። አንዱን ፎቶ ከ5 ሰከንድ አታስበልጡ፤ ከዋክብቱ ይሰመራሉ። 20 ወይም 30 ፎቶ አንስታችሁ በነጻ ፕሮግራም ደራርቧቸው። ሌላ ሌሊት ድገሙና ሁለቱን ምስሎች እያፈራረቃችሁ ስክሪን ላይ አሳዩ፤ አስትሮይዱ ወዲህ ወዲያ ይዘላል። ካሜራው ራሱ የሚፈጥረው የሞተ ነጥብ እንዳያታልላችሁ በየጥቂቱ ፎቶ ካሜራውን ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት።

11. ከዚህ በኋላ

ወደ ልኬት መግባት ለምትፈልጉ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ብርሃኑ በስንት ሰዓት እንደሚመላለስ መከታተል ነው። ባምበርጋ በራሱ ዙሪያ ለመዞር 29 ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ለዚያ ግዝፈት በጣም ቀርፋፋ ነው። ከአንድ ቀን ስለሚበልጥ በየሌሊቱ በአንድ ሰዓት የሚያይ ሰው ሙሉ ዙሩን ለማየት ብዙ ሌሊት ይፈልጋል፤ በሌላ አገር ካለ ወዳጅ ጋር ተካፍሎ መሥራት ያቀላል። የብርሃን ለውጡ ትንሽ ስለሆነ ይህ የካሜራ እንጂ የዓይን ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ለኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ነው። አስትሮይድ አንዳንዴ በአንድ ኮከብ ፊት ያልፍና ኮከቡን ለጥቂት ሰከንድ ያጠፋዋል። ጥላው መሬት ላይ የአስትሮይዱን ያህል ስፋት ይዞ ያልፋል። በጥላው መንገድ ላይ የተበተኑ ሰዎች እያንዳንዳቸው ኮከቡ ለስንት ሰከንድ እንደጠፋ ከመዘገቡ የድንጋዩ ቅርጽ ይወጣል። ጥላው በሰከንድ 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድና ኮከቡ ለ10 ሰከንድ ቢጠፋ፣ እናንተ ባላችሁበት መስመር ድንጋዩ 150 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1987 ባምበርጋ እንዲህ ኮከብ ሸፍኖ ስፋቱ 228 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ተለክቷል። ጥላ መቼ በየት እንደሚያልፍ የሚነግር ኦከልት ዋቸር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የምትኖሩበትን ቦታ አስገቡበት።

12. 2035

የባምበርጋ አምስት ዙር 22 ዓመት ይሞላል። መሬትም በ22 ዓመት 22 ዙር ስለምትጨርስ ሁለቱ ወደ አንድ ቦታ ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 ማግኒቲዩድ 8 አካባቢ ደርሶ ነበር፤ የሚቀጥለው እንዲህ ያለ ቅርበት በሴፕቴምበር 2035 ነው። የመሬትና የፀሐይን ርቀት አራት አምስተኛ ያህል ድረስ ይቀርበናል፤ ከቀበቶው ብሩሃን አስትሮይዶች መካከል እሱን ያህል የሚቀርበን የለም። 10 በ50 ባይኖኩላር ብቻ ያለው ሰው ይህን ጊዜ ይያዝ።

በእኛ አቆጣጠር 2028 ሲብት ማለት ነው። በዚያ ወር ከፀሐይ ተቃራኒ ያለው የሰማይ ክፍል ደለዊና ሑት የሚባሉት ኅብረ ከዋክብት ያሉበት ነው። የዘመን መለወጫ ሰሞን ደጋው ላይ ደመናው ገና አይለቅም፤ ሳምንት ሳይቆይም ጨረቃ ትሞላለች። አስትሮይዱ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙ አይደበዝዝም። ጨረቃ የምትጠፋው መስከረም 20 ቀን 2028 ግድም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሥዕል ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ባለው ጥርት ያለ ሌሊት ሳሉ፣ ሁለተኛውን ሁለት ቀን ቆይታችሁ።